የተበከለ ውሃን በአፈርና በረቂቅ ሕዋሳት የማጥራት ታሪክ

አፈር ቆሻሻ ውሃን የሚያጠራው በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው የአሸዋና የሸክላ ቅንጣቶቹ ሥራ ነው፤ ደለሉን ያስቀራሉ፣ አሞኒያንና ብረታ ብረትንም በገጻቸው ላይ ይይዛሉ። ሁለተኛው በውስጡ የሚኖሩት ባክቴሪያዎችና ሌሎች ረቂቅ ሕዋሳት የሚሠሩት ነው፤ ቆሻሻውን ይመገቡታል፣ ሰባብረውም ወደ ውሃ፣ ወደ ጋዝና ወደ ጨው ይለውጡታል። ዛሬ ቤንዚን የፈሰሰበት የከርሰ ምድር ውሃ የሚታከመውም፣ ከአስፋልት ላይ የሚወርደው የዝናብ ጎርፍ የሚጣራውም በዚሁ ኃይል ነው። ኃይሉ ከጥንትም የነበረ ቢሆንም ሰው አሠራሩን ለመረዳት ከመቶ ሃምሳ ዓመት በላይ ፈጅቶበታል። በየዘመኑ እድገት የተገኘውም አንድ ጥያቄ ደህና መልስ ባገኘ ቁጥር ነው፦ አፈር ውስጥ ያሉት ሕዋሳት ሥራቸውን ለመሥራት ምን ይፈልጋሉ? (እዚህ የተጠቀሱት ቀናት፣ ወራትና ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የፍሳሽ እርሻዎች

በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ የአውሮፓ ከተሞች ሲሰፉ የመጸዳጃ ፍሳሻቸው ወንዞቻቸውን ሞላ። በ1854 በለንደን ሶሆ ሰፈር ኮሌራ ሲነሳ ሐኪሙ ጆን ስኖው በሽታው በብሮድ ስትሪት ከነበረው የውሃ ፓምፕ ጋር እንደሚያያዝ አሳየ። በ1858 በጋ ደግሞ የቴምዝ ወንዝ ሽታ የፓርላማ አባላትን ሥራ እስከማስተጓጎል ደረሰ። ይህን ተከትሎ በለንደን ትልልቅ የፍሳሽ መስመሮች ተዘረጉ። ይሁንና መስመሩ ቆሻሻውን ከቦታ ወደ ቦታ ያዛውረዋል እንጂ አያጠፋውም፤ መጨረሻው የት ይሁን የሚለው ጥያቄ አልተፈታም ነበር።

መልሱ ከእርሻ መጣ። እንግሊዛዊው የእርሻ ኬሚስት ቶማስ ዌይ በ1850 አፈር ከሚያልፍበት ፈሳሽ አሞኒያን ይዞ እንደሚያስቀር በሙከራ አሳይቶ ነበር። ፍሳሹ ማሳ ላይ ቢለቀቅ አፈሩ ያጠራዋል፣ ሰብሉም ይለመልምበታል ተባለ። ፓሪስ በ1860ዎቹ መጨረሻ የፍሳሿን ከፊል ወደ ዠንቪሊዬ ማሳዎች መልቀቅ ጀመረች። በርሊን በመሐንዲሱ ጄምስ ሆብረኽት ንድፍ መሠረት ከ1876 ጀምሮ ፍሳሿን በፓምፕ እየገፋች በከተማዋ ዙሪያ ወደገዛቻቸው ሰፋፊ መሬቶች ላከች።

አንዳንዱ ማሳ ለዓመታት ሠራ፤ አንዳንዱ ግን ብዙም ሳይቆይ ረግረግ ሆኖ ገማ። ልዩነቱን የመረመረው ኬሚስቱ ኤድዋርድ ፍራንክላንድ ነው። በ1868 በተቋቋመው የእንግሊዝ የወንዞች ብክለት ኮሚሽን አባል ሆኖ ልዩ ልዩ አፈር የሞላባቸውን ዓምዶች አቁሞ ፍሳሽ አሳለፈባቸው። ፍሳሹ ያለማቋረጥ ሲፈስ አፈሩ ተደፈነ፤ በየመሃሉ እየተቋረጠ አፈሩ ሲያርፍና አየር ሲገባው ግን የሚወጣው ውሃ ንጹሕ ሆነ። በ1871 መሐንዲሱ ቤይሊ ደንተን በዌልስ መርተር ቲድፊል ከተማ አፈሩን በየተራ እያሳረፈ በሚሠራ መሬት ላይ ይህንኑ ተገበረው። ፍራንክላንድ ግን ለውጡ የኬሚስትሪ ብቻ መስሎት ነበር፤ የአየሩ ኦክስጅን ቆሻሻውን በራሱ የሚያቃጥለው ይመስለው ነበር።

ሕይወት ያለው አፈር

በ1877 ሁለት ፈረንሳውያን፣ ዣን ዣክ ሽሎዚንግና አሺል ሙንትዝ፣ ነገሩን እስከ ሥሩ ፈተሹት። አንድ ሜትር ርዝመት ያለው ቱቦ ወስደው አሸዋና ጥቂት የተፈጨ የኖራ ድንጋይ ሞሉበትና በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ፍሳሽ አፈሰሱበት። ለሃያ ቀናት ያህል ምንም ለውጥ አልታየም፤ አሞኒያው እንደገባ ወጣ። ከዚያ ግን ናይትሬት ብቅ አለ፤ ቀን በቀን እየጨመረም ሄዶ በመጨረሻ አሞኒያው ጨርሶ ጠፋ። ለውጡ የኬሚስትሪ ብቻ ቢሆን ኖሮ ሃያ ቀን መጠበቅ ባላስፈለገው ነበር። የዘገየው አንድ ሕይወት ያለው ነገር መራባት ስለነበረበት ነው።

ይህን ለማረጋገጥ ቱቦው ውስጥ የክሎሮፎርም እንፋሎት አስገቡ። ናይትሬቱ ቆመ፤ አሞኒያውም ተመልሶ ታየ። ክሎሮፎርሙ ከወጣ በኋላም ቢሆን ለውጡ በራሱ አልተመለሰም። ጥቂት የአትክልት አፈር በውሃ አጥበው እጣቢውን ሲያፈሱበት ግን ከቀናት በኋላ ናይትሬት እንደገና መጣ። ፍሳሹን የሚያጠራው በአፈር ውስጥ የሚኖር ሕዋስ መሆኑ በዚህ ተረጋገጠ። በ1890 ሩሲያዊው ሰርጌይ ቪኖግራድስኪ በዙሪክ ሆኖ እነዚህን ባክቴሪያዎች ለይቶ አወጣቸው።

በዚያው ዘመን የታሪኩ ሌላኛው ገጽም ታወቀ። ፈረንሳውያኑ ኡሊስ ጋዮንና ገብርኤል ዱፔቲ በ1880ዎቹ አየር በሌለበት ስፍራ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ናይትሬትን ወደ ናይትሮጅን ጋዝ እንደሚለውጡ አሳዩ። ኦክስጅን ሲያልቅባቸው በናይትሬት ይተነፍሳሉ ማለት ነው። ስለዚህ ናይትሮጅን ከውሃ ፈጽሞ እንዲወጣ ሁለት የተለያዩ ቦታዎች ያስፈልጋሉ፦ አሞኒያው ናይትሬት የሚሆንበት አየር ያለው፣ ናይትሬቱ ጋዝ ሆኖ የሚወጣበት አየር የሌለው።

በአሜሪካ የማሳቹሴትስ ግዛት በ1887 በሎረንስ ከተማ የምርምር ጣቢያ ከፈተ። በመሐንዲሱ ሃይረም ሚልስ መሪነት ኬሚስቶችና ባዮሎጂስቶች አብረው ሠርተው፣ ምን ዓይነት አሸዋ ምን ያህል ፍሳሽ በምን ያህል እረፍት እንደሚያጠራ ለኩ። በ1893 ሎረንስ የሜሪማክን ወንዝ ውሃ በአሸዋ ማጣሪያ ማሳለፍ ስትጀምር በታይፎይድ የሚሞተው ሰው ቁጥር በግልጽ ቀነሰ። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ በጀርመን ሃምቡርግ ኮሌራ ከ8,000 በላይ ሰው ፈጅቶ ነበር፤ ከዚያው ከኤልበ ወንዝ፣ ያውም ከሃምቡርግ ፍሳሽ በታች፣ ውሃ የምትቀዳው ጎረቤቷ አልቶና ግን ውሃዋን በአሸዋ ስለምታጣራ ከአደጋው በብዛት ተረፈች።

ከአፈር ወደ ገንዳ፣ ከገንዳ ወደ አፈር

የፍሳሽ እርሻ ሰፊ መሬት ይጠይቃል፤ የከተማ ዳር መሬት ደግሞ ተወደደ። በ1914 ኤድዋርድ አርደንና ዊልያም ሎኬት በማንቸስተር ባክቴሪያዎቹን ከአፈር አውጥተው አየር በሚነፋበት ገንዳ ውስጥ የሚያሠሩበትን ዘዴ ይፋ አደረጉ። የዓለም ትልልቅ ከተሞች አብዛኞቹ ይህን መንገድ ተከተሉ። የበርሊን ማሳዎች እስከ 1980ዎቹ ቢዘልቁም ሌላ ትምህርት ትተው ነው ያበቁት፦ በመቶ ዓመት ውስጥ ከፋብሪካ ፍሳሽ ጋር የመጡት ከባድ ብረታ ብረቶች በአፈሩ ተከማችተው ተገኙ። ባክቴሪያ ቆሻሻን ይሰባብራል፤ ብረትን ግን ሊያጠፋው አይችልም፤ መልኩን ይለውጠው እንደሆነ ነው።

አፈር ግን ጨርሶ አልተተወም። በ1950ዎቹ ጀርመናዊቷ የዕፅዋት ሊቅ ኬተ ሳይድል ደንገልና መሰል የውሃ ዳር ዕፅዋት በሥራቸው ከሚኖሩ ሕዋሳት ጋር ፍሳሽን እንደሚያጠሩ አሳየች፤ ሰው ሠራሽ ረግረግ የሚባለው ዘዴ ከዚህ ወጣ። በ1967 ሄርማን ቦወር በአሪዞና ፊኒክስ አጠገብ የታከመ ፍሳሽ በአሸዋማ ገንዳዎች ወደ ከርሰ ምድር እንዲሰርግ አደረገ። ገንዳዎቹ ለቀናት ይሞላሉ፣ ለቀናት ይደርቃሉ፤ የፍራንክላንድ እረፍት እንደገና ሥራ ላይ ዋለ ማለት ነው። በእስራኤልም የቴል አቪቭንና የአካባቢዋን ፍሳሽ የሚቀበለው፣ በሪሾን ለጽዮን አጠገብ የሚገኘው ሻፍዳን የተባለው ጣቢያ ከ1977 ጀምሮ የታከመውን ውሃ በባሕር ዳር አሸዋ ውስጥ ያሳልፋል። ውሃው ከወራት የከርሰ ምድር ጉዞ በኋላ በጉድጓድ ተስቦ ወደ ኔጌቭ እርሻዎች ይሄዳል።

ነዳጅ የሚመገቡ ባክቴሪያዎች

የ20ኛው ክፍለ ዘመን አዲስ ብክለት ነዳጅና የፋብሪካ ኬሚካል ነበር። ነዳጅን የሚመገብ ሕዋስ መኖሩ ቀደም ብሎ ታውቋል። ሆላንዳዊው ኒኮላስ ሶንገን በ1906 ሚቴን የሚመገቡ፣ በ1913 ደግሞ ቤንዚንና ፓራፊን የሚመገቡ ባክቴሪያዎችን ገለጸ። አሜሪካዊው ክሎድ ዞቤል በ1946 በጉዳዩ የተጻፈውን ሁሉ አሰባስቦ ነዳጅ የሚሰባብሩ ሕዋሳት በየአፈሩና በየባሕሩ እንደሚገኙ አስረዳ። ያም ሆኖ ከመሬት ወለል በጥልቀት በሚገኘው የውሃ ንብርብር ውስጥ ሕይወት እምብዛም የለም የሚለው እምነት ለረጅም ጊዜ ቆየ።

ያን እምነት በተግባር የሻረው በሰን ኦይል ኩባንያ ይሠራ የነበረው ሪቻርድ ሬይመንድ ነው። በፔንስልቬንያ አምብለር ከተማ ከተቀበረ ቧንቧ ቤንዚን ፈስሶ ከርሰ ምድር ውሃው ውስጥ ገብቶ ነበር። የቻሉትን ያህል ቤንዚን በፓምፕ ከሳቡ በኋላ ከአለቱ ስንጥቆች የማይወጣ ብዙ ቀረ። ሬይመንድ በ1972 እዚያው መሬት ውስጥ የነበሩትን ባክቴሪያዎች መረመረ። ቤንዚኑን መብላት የሚችሉ ናቸው፤ የጎደላቸው ናይትሮጅን፣ ፎስፈረስና ኦክስጅን ነው። ስለዚህ በጉድጓዶቹ በኩል ማዳበሪያ ጨመረ፣ አየርም ነፋ። ባክቴሪያዎቹ በዙ፤ ቤንዚኑም ቀነሰ። ዘዴው በ1974 ፓተንት አገኘ፤ በስፍራው ላይ በሕዋሳት የማጽዳት ሥራ መነሻ ተደርጎም ይቆጠራል።

በ1980 ሁለት ነገሮች ትኩረቱን ወደዚህ መስክ ሳቡት። በሰኔ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት፣ አናንዳ ቻክራባርቲ በላቦራቶሪ ያዳቀለው ነዳጅ ሰባሪ ባክቴሪያ ፓተንት ሊሰጠው ይችላል ብሎ በ5 ለ4 ድምፅ ወሰነ። በታኅሣሥ ደግሞ በኒው ዮርክ ግዛት ላቭ ካናል በተባለ ሰፈር የተገኘው የኬሚካል ብክለት ያስነሳው ቁጣ ሱፐርፈንድ የተባለውን የጽዳት ሕግ አስወጣ። የቻክራባርቲ ባክቴሪያ ለሜዳ ሥራ አልዋለም፤ ሕጉ ግን በሺዎች የሚቆጠሩ የተበከሉ ቦታዎች እንዲመረመሩ በር ከፈተ። ሥራውን የሠሩትም በብዛት በየስፍራው ቀድሞውኑ የነበሩት ተራ ሕዋሳት ናቸው።

የቤሚጂ ትምህርት

ነሐሴ 20 ቀን 1979 በሚኔሶታ ቤሚጂ ከተማ አጠገብ የድፍድፍ ነዳጅ ቧንቧ ፈንድቶ 1.7 ሚሊዮን ሊትር ያህል ነዳጅ ፈሰሰ። ከጽዳቱ በኋላ 400,000 ሊትር ገደማ መሬት ውስጥ ቀረ። የአሜሪካ የጂኦሎጂ ጥናት ድርጅት በ1983 ቦታውን ቋሚ የሜዳ ላቦራቶሪ አደረገው፤ የተበከለው ውሃ የት ድረስ እንደሚሄድ፣ በመንገዱም ምን እንደሚሆን በዓመታት ተከታተለ።

ከነዳጁ የሟሙት መርዛማ ንጥረ ነገሮች ከውሃው ፍጥነት አንጻር ከተጠበቀው በጣም ያነሰ ርቀት ነው የተጓዙት። በነዳጁ አጠገብ ኦክስጅን ፈጽሞ አልቆ ነበር፤ ሆኖም መሰባበሩ አልቆመም። በ1989 ዴሪክ ለቭሊና ባልደረቦቹ ምክንያቱን አሳተሙ፦ ኦክስጅን ባለቀበት ቦታ ባክቴሪያዎች በአሸዋው ላይ ባለው የብረት ዝገት እየተነፈሱ ቶሉይንን የመሰሉ የነዳጅ ንጥረ ነገሮችን ይመገባሉ። ኦክስጅን ሲያልቅ ናይትሬት፣ ከዚያ ብረት፣ ከዚያ ሰልፌት፣ በመጨረሻም ሚቴን የሚያመርቱ ሕዋሳት ተራቸውን ይይዛሉ።

ይህ ግኝት የጽዳት ፖሊሲን ለወጠ። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ድርጅት በ1999 ባወጣው መመሪያ፣ በቂ ማስረጃ ባለበት ቦታ ብክለቱን በቅርብ እየተከታተሉ ለተፈጥሮ መተው እንደ አንድ ሕጋዊ የጽዳት ዘዴ እንዲቆጠር ፈቀደ። መመሪያው ቸል ለማለት ፈቃድ አይደለም፤ ጉድጓድ ቆፍሮ፣ ናሙና ወስዶ፣ መሰባበሩን በቁጥር ማሳየትን ግዴታ ያደርጋል።

አየር የሚጠሉት

ከነዳጅ የባሰ ያስቸገረው ክሎሪን ያለበት ማሟሚያ ነበር። ልብስ በደረቁ በሚያጥቡ ላውንደሪዎች፣ በብረታ ብረት ፋብሪካዎችና በአየር ኃይል ሰፈሮች ለቅባት ማስለቀቂያ የዋሉት ቴትራክሎሮኤቲሊንና ትራይክሎሮኤቲሊን ከውሃ ስለሚከብዱ ወደ ጥልቁ ይሰምጣሉ። ለብዙዎቹ ባክቴሪያዎችም ምግብ አይሆኑም።

በ1985 ቲሞቲ ቮገልና ፔሪ ማካርቲ አየር በሌለበት ሁኔታ ሕዋሳት ክሎሪኑን አንድ በአንድ እንደሚነቅሉ አሳዩ። ይሁንና መንገዱ ላይ ቪኒል ክሎራይድ የተባለ፣ ካንሰር የሚያመጣ ኬሚካል ይፈጠራል፤ ሥራው እዚያ ከቆመ ውሃው ከበፊቱ የከፋ ይሆናል። በ1989 ዴቪድ ፍሪድማንና ጀምስ ጎሴት መንገዱ እስከ መጨረሻው፣ ጉዳት ወደሌለው ኤቲሊን ድረስ ሊሄድ እንደሚችል አረጋገጡ። በ1997 ደግሞ በኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ያንን ሙሉ መንገድ ብቻውን የሚጨርስ ባክቴሪያ ተለይቶ ወጣ፤ ዴሃሎኮኮይድስ ተባለ። የሚኖረው ኦክስጅን በሌለበት ነው፤ ኃይል የሚያገኘውም ሃይድሮጅንን በክሎሪን ማሟሚያው እያቃጠለ ነው። ለሌላው መርዝ የሆነው ነገር ለእርሱ መተንፈሻ ነው።

አሠራሩ ከአምብለር ተቃራኒ ሆነ፤ አየር በመንፋት ፈንታ ኦክስጅኑን ማስጨረስ ያስፈልጋል። ሞላሰስ፣ የአትክልት ዘይት ወይም ላክቴት በጉድጓድ ይጨመራል፤ ሌሎች ባክቴሪያዎች ይህን ሲበሉ ኦክስጅኑ ያልቃል፣ ሃይድሮጅንም ይፈጠራል። ዴሃሎኮኮይድስ በስፍራው ከሌለ ከሌላ ቦታ ይመጣል። በዴላዌር ዶቨር የአየር ኃይል ሰፈር ማጽዳቱ መካከል ላይ ቆሞ ሳለ፣ በ1997 ከፍሎሪዳ የመጡ ሕዋሳት ሲጨመሩ ኬሚካሉ እስከ ኤቲሊን ድረስ ተሰባበረ።

በዚያው ዘመን ፓምፕ የማያስፈልገው ሌላ ዘዴ መጣ፦ የከርሰ ምድር ውሃ በሚያልፍበት መንገድ ላይ ቦይ ቆፍሮ ለሕዋሳት ምግብ በሚሆን ነገር መሙላት። በካናዳ ኦንታሪዮ ዊል ሮበርትሰንና ጆን ቼሪ ሰጋቱራ በተቀላቀለበት አፈር ናይትሬትን አስወገዱ፤ ሥራቸውን ያሳተሙት በ1995 ነው። በዚያው ዓመት በሰድበሪ አጠገብ በኒክል ሪም ማዕድን ማውጫ ብስባሽና የእንጨት ፍቅፋቂ የሞላበት ግድግዳ ተቀበረ። በውስጡ የሚኖሩት ባክቴሪያዎች ሰልፌቱን ወደ ሰልፋይድ ሲለውጡ በአሲዳማው ውሃ የሟሙት ብረታ ብረቶች ጠጥረው እዚያው ይቀራሉ።

የጎርፍ ውሃ

የከተማ ዝናብ ንጹሕ ነው ተብሎ ለረጅም ጊዜ በቀጥታ ወደ ወንዝ ይለቀቅ ነበር። በ1983 የተጠናቀቀ የአሜሪካ አገር አቀፍ ጥናት ግን ከጣሪያና ከመንገድ የሚወርደው ጎርፍ መዳብ፣ እርሳስና ዚንክ ተሸክሞ እንደሚሄድ አሳየ። በ1987 የአገሪቱ የውሃ ንጽሕና ሕግ ተሻሽሎ ከተሞች ለጎርፋቸው ፈቃድ እንዲያወጡ ተገደዱ።

በሜሪላንድ የፕሪንስ ጆርጅ ካውንቲ ባለሙያዎች፣ ከነሱም ላሪ ኮፍማን፣ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ውሃውን ትልቅ ኩሬ ውስጥ ከመሰብሰብ ይልቅ በየግቢውና በየመንገዱ ዳር ዝቅ ያሉ የተክል መደቦች ላይ እንዲሰርግ ማድረግ ጀመሩ። በመደቡ አሸዋማ አፈር፣ ብስባሽ፣ ዕፅዋትና ከላይ የቅርፊት ልባስ አለ። የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲው አለን ዴቪስና ባልደረቦቹ ሲለኩት መዳብ፣ እርሳስና ዚንክ ከላይኛው ንብርብር ላይ በብዛት ተይዘው ቀሩ፤ ዘይቱንም ሕዋሳት ይመገቡታል። ናይትሬት ግን ከገባው በልጦ የሚወጣበት ጊዜ ነበር። መደቡ በደንብ ስለሚተነፍስ አሞኒያው ናይትሬት ይሆናል፤ ናይትሬቱን ወደ ጋዝ የሚለውጥ አየር አልባ ቦታ ግን የለውም። የዴቪስ ቡድን በ2003 ባሳተመው ጥናት ከሥር ውሃ የሚተኛበት ንብርብር ጨመረ፤ ለሕዋሳቱ ምግብነት ከተሞከሩት ነገሮችም የተቆራረጠ ጋዜጣ የተሻለ ሆኖ ተገኘ። ከመቶ ዓመት በፊት በፈረንሳይ የታወቀው የሁለት ቦታዎች ሕግ በአንድ መደብ ውስጥ ተሟላ።

በሲያትል አካባቢ ደግሞ ከባሕር ወደ ወንዝ የሚመለሱ የኮሆ ሳልሞን ዓሦች እንቁላል ሳይጥሉ ይሞቱ ነበር። በ2015 የታተመ ሙከራ ላይ ከአውራ ጎዳና በተቀዳ ጎርፍ ውስጥ የገቡት ዓሦች ሞቱ፤ ያው ውሃ በአሸዋና በብስባሽ ካለፈ በኋላ ግን ዓሦቹ ተረፉ። ገዳዩ የተለየው ከዚያ በኋላ በ2020 ነው፤ ከመኪና ጎማ የሚወጣ 6ፒፒዲ-ኪኖን የተባለ ኬሚካል። አፈሩ መርዙ ስም ሳይወጣለት አስቀድሞ ይዞታል።

የደረሰበትና ያልደረሰበት

ዘዴው በኢትዮጵያም ተሞክሯል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የሞጆን ቆዳ ፋብሪካ ፍሳሽ አየር በሌለበትና አየር ባለበት ገንዳ፣ ቀጥሎም በሰው ሠራሽ ረግረግ በማሳለፍ አጥንተዋል። ሐሳቡ ከላይ እንደታየው ነው፦ እያንዳንዱ ሕዋስ የሚስማማውን ቦታ ማግኘት።

ወሰኑም ታውቋል። ክሮምና እርሳስ አይጠፉም፤ ስለዚህ የማጣሪያ መደብ የላይኛው ንብርብር በየጊዜው ተገፍፎ መወገድ አለበት። ሕዋሳትን አሴቴት እየመገቡ ዩራኒየምን ከውሃ ለማስወገድ በ2002 በኮሎራዶ ራይፍል የተደረገው ሙከራ በውሃው ያለውን መጠን በሳምንታት ውስጥ ቢቀንሰውም፣ ሌሎች ሕዋሳት ቦታውን ሲወስዱ ውጤቱ ደክሟል። ፍሎሪን ያለባቸውን ዘላቂ ኬሚካሎች ደግሞ ሕዋሳት በቀላሉ አይሰባብሯቸውም፤ አፈርም ከፊሉን ብቻ ነው የሚይዘው። በእነዚህ ላይ የሚጠቅመው ከምንጫቸው መቆጣጠር ነው።

ከዚህ ውጭ ላለው ብዙ ብክለት ከፍራንክላንድ ዓምድ እስከ ሲያትል መደብ የተገኘው ትምህርት አንድ ነው። በመጀመሪያ ብክለቱ ምን እንደሆነና የትኛው ሕዋስ እንደሚመገበው መታወቅ አለበት። ቀጥሎ ሕዋሱ የሚፈልገው አየር ይሁን አየር አልባነት፣ ማዳበሪያ ይሁን ስኳር፣ መሰጠት አለበት። በመጨረሻም አፈሩ ከአቅሙ በላይ ሳይጫንበት ጊዜና እረፍት ማግኘት አለበት። ከእነዚህ ሦስቱ አንዱ በጎደለበት ሁሉ ማሳው ገምቷል፣ ጽዳቱም መንገድ ላይ ቆሟል፤ በተሟሉበት ቦታ ውሃው ጠርቷል።